ስስ ጨርቅና ጨዋ አለባበስ፦ ነጠላ፣ ቶብና ዲራ በአፍሪካ ቀንድ

«ጨዋ ፋሽን» የሚባለው አለባበስ በቅርብ ዓመታት ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ገበያ ሆኗል። ኢስታንቡል በ2016፣ ለንደን በ2017 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚሁ ብቻ የተሰናዳ የፋሽን ሳምንት አስተናግደዋል። በኬንያ ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ የተወለደችው ሶማሊ አሜሪካዊት ሞዴል ሐሊማ አደን ሒጃቧን እንደለበሰች በታላላቅ መጽሔቶች ሽፋን ላይ ወጥታለች። ይሁንና በ2020 ከሙያው ስትርቅ ካነሣቻቸው ቅሬታዎች አንዱ፣ በሒጃብ ፋንታ ጂንስ ራሷ ላይ እስከመጠምጠም መደረሱ ነበር። ጸጉሯ ተሸፍኖ ሳለ ሥርዓቷ ተጥሷል። ኢንዱስትሪው ጨዋነትን በተሸፈነ ገላ ስፋት ብቻ እንደሚለካ ይህ ገጠመኝ በግልጽ ያሳያል። የዚህ ዳሰሳ ሙግትም ከዚሁ መለኪያ ጋር ነው። የአፍሪካ ቀንድ ጎረቤታሞች የሚጋሩት የጨዋ አለባበስ ሥርዓት የቆመው በጨርቁ ውፍረት ሳይሆን በአለባበሱ ላይ ነው።

ለዚህ ሦስት ልብሶችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል፦ የደጋውን ነጠላ፣ የሱዳኑን ቶብና የሶማሌውን ዲራ። ሦስቱም ስስ ናቸው። ነጠላ ከጥጥ ፈትል በእጅ የሚሸመን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ልብስ ነው። ቶብ ከአራት ሜትር የሚበልጥ ወጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ከቀሚስ በላይ ገላን ዞሮና ራስን ሸፍኖ ጫፉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ዲራ ከስስነቱ የተነሣ ያለ ጎርጎራድ፣ ማለትም ያለ ውስጥ ጉርድ፣ አይለበስም፤ ገርበሳር የተባለው ሻርፕም ከላይ ይደረብበታል። አንዳቸውም ብቻቸውን ገላን አይሰውሩም፤ የሚሰውረው ድርቡ ነው። ይህ የጅቡቲ፣ የበርበራና የከሰላ ሙቀት ያስገደደው ብልሃት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋም ነጠላ ያው ስስ ነውና።

ስስ ጨርቅ በአዝራር ተይዞ ስለማይቆም ለባሿ ዘወትር ታስተካክለዋለች፤ ጨዋነቷም የሚታየው በዚህ ጥንቃቄዋ ነው። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ይጣፋል፤ ለማደግደግ ወገብ ላይ ይታጠቃል፤ ለለቅሶ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱም ወደ ላይ ይዞራል። ጨርቁ ሳይለወጥ መልእክቱ ይለወጣል። በሶማሌ ባህል ሻሽ ያገባችውን ሴት ከልጃገረዷ ይለያል። በሱዳን ደግሞ ነጭ ቶብ የመምህርቷና የቢሮ ሠራተኛዋ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ማሪ ግሬስ ብራውን በ2017 ባሳተመችው «ካርቱም በሌሊት» በተሰኘው ጥናቷ፣ ቶብ በቅኝ ግዛት ዘመን ለነበሩ የሱዳን ሴቶች ወደ አደባባይ ሕይወት መውጫ እንደሆናቸው ታሳያለች። በኤፕሪል 2019 ተማሪዋ አላ ሳላህ ካርቱም ውስጥ በነበረው ሕዝባዊ ተቃውሞ መኪና ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታነቃቃ የለበሰችው ያንኑ ነጭ ቶብ ነበር። እንግዲህ መሸፈን ከአደባባይ መራቅ ነው የሚለው ፍርድ ለዚህ አካባቢ አይሠራም።

ልብሶቹ ድንበርም ሃይማኖትም አልገደባቸውም። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የባሕር ማዶ ጨርቅ ወደ መሃል አገር የሚገባበት መንገድ ሰፋ። ዛሬ ዲራ በድሬዳዋም በአዲስ አበባም የክርስቲያኗና የሙስሊሟ የቤት ልብስ ነው። ቶብ በአሶሳ የበርታ ሴቶችና በምዕራብ ኤርትራ ቆላም ይለበሳል። ከመረብ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ እናቶች ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት ቢለያዩም፣ የሚለብሱት ቀሚስና ነጠላ አልተለያየም። ስለዚህ «ይህ የእኛ ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ታሪክ አይደግፈውም። የዲራ ጨርቅ ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የአካባቢው ሀብት ድረባውና አጣጣሉ ነው።

ይህ ሥርዓት አሁን ከሁለት አቅጣጫ ፈተና ገጥሞታል። የመጀመሪያው ወፍራምና የተዘጋ ልብስ ነው። ሶማሊያ መንግሥት አልባ ከሆነችበት ከ1991 ወዲህ ጅልባብ በስፋት ተለምዷል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለሱ ሠራተኞችም ዓባያን ይዘው ይመጣሉ። ይህን የባህል ወረራ ብቻ አድርጎ ማውገዝ ለባሾቹን መናቅ ነው። ሄዘር አኩ በ2011 ስለ ሶማሌ አለባበስ በጻፈችው መጽሐፍ እንደምታሳየው ልብስና ፖለቲካ ተለያይተው አያውቁም፤ ለብዙ ሴቶችም ጅልባብ እምነትም መከለያም ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ፈተና ነው፦ በፋብሪካ የታተመ ጥለትና የሽፎን ቀሚስ። እነዚህ በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ገበያ ይሻማሉ፤ ነጠላንም በትከሻ ላይ ወደሚጣል ጌጥ ያወርዱታል። ቅርጹ ይቀራል፤ የማጣፋቱ ዕውቀት ግን ከእናት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ይቋረጣል።

ሙዚየሞቻችን ልብስን አጣጥፈው ወይም አሻንጉሊት አልብሰው ያስቀምጣሉ። ይህ ጨርቁን ያቆያል እንጂ አለባበሱን አያቆይም። የባህል ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ አበባ እስከ ሐርጌሳ፣ ከአስመራ እስከ ካርቱም፣ ዕድሜ የጠገቡ እናቶች እንዴት እንደሚያጣፉ፣ እንደሚደርቡና እንደሚጠመጥሙ በተንቀሳቃሽ ምስል ከነማብራሪያው ሊመዘግቡ ይገባል። ዲዛይነሮቻችንም ለዓለም ገበያ ሲሠሩ ከቀሚሱ ጋር አለባበሱን ያስተምሩ። ጎረቤታሞቹ በጋራ ያዳበሩት ዕውቀት ስለሆነ፣ የመጠበቁም ኃላፊነት የሁሉም ነው።