ተመስጦ በሥራ ቀን፤ ስለ በገናና ስለ መንዙማ

«ተመስጦ» የሚለው ቃል በኪነ ጥበብ ሐተታዎቻችን ውስጥ ሲጠቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓለም መራቅን፣ ከሥራና ከሰው መሸሽን እንዲያመለክት ሆኖ ይቀርባል። መናኙ በበረሃ፣ ባለቅኔው በሌሊት፣ ሠዓሊው በሩን ዘግቶ ብቻ የሚያገኘው ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አስተያየቱ ከእውነቱ ገሚሱን ብቻ እንደያዘ ማሳየት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። በዚያ ሰሞን በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአጠና ተራ በኩል ሳልፍ፣ እንጨት ከመኪና ሲራገፍ ከሚነሣው ጫጫታ መካከል ከአንዱ ሱቅ በገና፣ ከሌላው መንዙማ ይሰማ ነበር። አንድ ወጣት ጫኝና አውራጅ አጠናውን በትከሻው እንደያዘ ጥቂት ቆሞ አደመጠ፤ ከዚያም መንገዱን ቀጠለ። ርምጃው ግን ቀድሞ ከነበረው የረጋ ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱን በመሣሪያው አሠራር ውስጥ መፈለግ ይገባል። በገና አሥር አውታር አለው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ እንዝራ ትባላለች። አውታሩ እንዝራዋን እየነካ ስለሚርገበገብ ድምፁ ጥርት ብሎ አይወጣም፤ ይነዝራል። እንዝራዋ ቦታዋን ከሳተች ንዝረቱ ይጠፋልና ደርዳሪው አስቀድሞ በትዕግሥት ያስተካክላታል። እንግዲህ ተመስጦው የሚጀምረው በእጅ ሥራ ነው ማለት ነው። ያው ዜማ ደጋግሞ ሲመለስ ሰሚው «ቀጥሎስ?» ማለቱን ትቶ ያለውን ማድመጥ ይጀምራል።

በወሎ ምድር የጎለበተው የመንዙማ መንገድ ሌላ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ብዙኀኑ ይቀበላል፤ ድቤና ጭብጨባ ያጅበዋል። በገና አድማጩን ለብቻው ወደ ውስጡ ሲመራው፣ መንዙማ በማኅበር ይመራዋል። የሁለቱም መድረሻ የልብ ዕረፍት ነው።

ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። በእርሳቸው ቅጂዎች አንድ ድምፅና አንድ በገና ብቻ ይሰማሉ፤ ዝምታውም ድርሻ አለው። በቅርብ ጊዜ ከሰማኋቸው ቅጂዎች በአንዳንዶቹ ግን የኪቦርድ ድምፅ ንዝረቱን ውጦታል። ይህ ጥቃቅን ጉድለት አይደለም፤ ማድመጥን የሚጠይቀውን ሥራ ለጆሮ ማለስለሻ ማድረግ ነው። ነቀፌታው እኔንም ይነካል። በተውኔቶቼ ውስጥ ዝምታን ፈርቼ በቃል የሞላሁባቸው ትዕይንቶች ጥቂት አይደሉም።

«ለተራበ ሰው ተመስጦ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እንጀራን አይተካም። ሆኖም የውስጥ ዕረፍት ለባለጸጋ ብቻ የሚገባ ቅንጦት ነው ካልን፣ ያ ወጣት ከትከሻው በቀር ምንም የለውም ብለን መፍረዳችን ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለባህል ሠራተኞች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪዎች አንድ የበገና ወይም የመንዙማ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማብራሪያ ሳይታከልበት ያድምጡ። ሐተታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።