ሁለት ወዳጆች፣ አንድ ጦርነት

ጦርነት ሲነሣ ግጥም ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ መልሱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ፉከራ፣ በኋላ ሙሾ። ሁለት ናይጄሪያውያን ግን ሌላ መንገድ አሳይተውናል።

የቢያፍራ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1967–1970) ቺንዋ አቼቤንና ጄ. ፒ. ክላርክን ለያያቸው። አቼቤ ከቢያፍራ ጋር ቆመ፤ ክላርክ ከፌዴራሉ ወገን። የጋራ ወዳጃቸው ገጣሚው ክሪስቶፈር ኦኪግቦ ለቢያፍራ ሲዋጋ በ1967 ወደቀ። በ1968 እዚሁ አዲስ አበባ ድርድር ተሞክሮ ነበር፤ አልሆነም።

ክላርክ «ተጎጂዎቹ» የሚለውን ግጥም ለአቼቤ መታሰቢያ አደረገው። ተጎጂ የሞተና የቆሰለ ብቻ አይደለም ይለናል፤ ባሕር ማዶ ተመቻችቶ የሚሟገተውም አገሩ ስትነድ አይታየውምና ተጎጂ ነው። ሸንቆጥ ያደርጋል!

የአቼቤ «ስደተኛ እናትና ልጅ» ስለ ወገን አንዲት ቃል አይተነፍስም። መጠለያ ውስጥ አንዲት እናት ረሃብ የጨረሰውን ልጇን ፀጉር ታበጥራለች። በደጉ ዘመን ይህ እኮ ልጅ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የሚደረግ፣ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። ከቤቷ የተረፋት ይኸው ነው፤ ማበጠር።

ለእኔ የአቼቤው ይበልጣል። ክላርክ ዘንድ ተሟጋቹም እናቲቱም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ አቼቤ እናቲቱን ለብቻዋ ያቆማታል። የክላርክ ግን ለእኛ ያስፈልገናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነታችን፣ ማኪያቷችንን ይዘን «በለው!» ያልን ስንቶች ነን? ያኔ ማበጠሪያ የያዘችዋን ማን አያት?