መጋጠሚያው የማይታይ ዜማ

ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዲንሾ ላይ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ ዓይኑ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ላይ ነው። አይፈረድበትም። አመሻሹ ላይ ግን ከጽዱና ከኮሶው ሥር፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ለሚወጣው ዜማ ጆሮውን ቢሰጥ አይቆጨውም።

ዘፋኙ ደረቱ ብርቱካናማ፣ አናቱ ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ወፍ ነው፤ ሊቃውንቱ ኮሲፋ ሴሚሩፋ ይሉታል። አንዲት ጥርት ያለች የፉጨት ሐረግ ያነሳል፣ ይደግማታል፤ ከዚያ የጎረቤት ወፍ ጥሪ መሃል ይገባል። ሰሚው ቀና ብሎ ያንን ሌላ ወፍ ይፈልጋል፤ የለም። የተዋሰው ጥሪ ከራሱ ፉጨት ጋር ተያይዞ ይፈስሳል፤ ብድሩ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ወደ ራሱ ዜማ ተመልሷል። ማስመሰሉንስ ሌሎችም ይችሉታል፤ ጥበቡ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ይህ ዜማ ከየት ይወጣል? የእኛ ድምፅ የሚፈጠረው ጉሮሯችን ላይ ነው። የወፍ ግን ታች ወርዶ፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ነው። እንደ ዲንሾው ዘፋኝ ባሉ ዘማሪ ወፎች ግራና ቀኙ የየራሳቸው ጡንቻ ስላላቸው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ጊዜ የተለያየ ድምፅ ያወጣሉ። በየቤቱ የሚያዘው ካናሪ ያን ረጅም ዜማ የሚዘልቀው በየድምፁ መሃል እጅግ አጭር ትንፋሽ እየሳበ ነው።

በቀቀንም ያስመስላል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። እርሱ እንደ እኛው ምላሱን እያንቀሳቀሰ ድምፁን ይቀርጻል፤ ቃል የሚሆንለትም ለዚህ ይመስላል። ሁሉም ግን አይደለም፦ ያ የደጋችን ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን፣ ወንዱ ግንባረ ቀይ የሆነው፣ ቤት ቢለምድም ቃል መያዝ እምብዛም አይሆንለትም።

እዚያው ዲንሾ ደን ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ሌላ ዘፋኝ አለ፤ ግራጫ፣ ከጅራቱ ሥር ቀላ ያለ ቡናማ። ተመራማሪዎች ዘመዱን ለመለየት ብዙ ተቸግረው፣ በመጨረሻ የዘረመል ጥናት ሲልቪያ ከሚባሉት ወፎች ጋር አዛመደው። ይሄኛው የሚዘፍነው ከሚስቱ ጋር ነው፤ ወንዱ በጠራ ድምፅ ያወርዳል፣ ሴቷ በሚርገበገብ ድምፅ ትቀበለዋለች። ጥንዶቹን ብዙ ሰው ያስበልጣል። እኔ የማደላው ለዚያ ለብቸኛው ነው፤ አውራጁም ተቀባዩም ራሱ ነውና።