መዝጊያ የሌለው ቱቦ

በእኛ አገር የጓሮ ኩሬ ዓሣ የሚዋኝበት ጌጥ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ውሃ ማቆር በአማራ ክልል የዘመቻ ሥራ በሆነ ጊዜ በየጓሮው የተቆፈረው ኩሬ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለበጋ ጎመንና ለከብት እንዲያቆይ ነበር የታሰበው። አንዳንዱ ፕላስቲክ ተነጥፎበት፣ አንዳንዱ በሲሚንቶ ተለስኖ። ለሰው መጠጥ ተብሎ አልተቆፈረም። ግን ምንጩ ሲነጥፍ፣ ቧንቧው ሰንብቶ ሲጠፋ፣ ጀሪካን ይዞ ወደዚያው የሚወርድ ሰው አይጠፋም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ በቤት ደረጃ ከሚሠሩት ነገሮች በእጅ ሥራው የሚያስደንቀኝ አንድ አለ፤ ባዮሳንድ የሚባለው የአሸዋ ማጣሪያ። ለዓይን አይሞላም። ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ሳጥን ነው። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ እየተገዛ የሚቀየር ዕቃ የለበትም። ከግድግዳው አንዲት ቀጭን ቱቦ ብቅ ትልና ወደ ታች ጎንበስ ብላ ታበቃለች። ጫፏ ላይ መክፈቻም መዝጊያም የለም። የሙያው ዋና ነገር ያለው እዚያ ባዶ ጫፍ ላይ ነው።

ውሃን በአሸዋ ማጣራት አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጫጫ ከተማ ሲኬድ ሰንዳፋ ሳይደረስ የሚታለፈው የለገዳዲ ማጣሪያም አሸዋ አለው። የእሱ አሸዋ ግን ፈጣን ነው፤ ኬሚካልና ቀን ከሌት የሚጠብቀው ሠራተኛ ይፈልጋል። ከፈጣኑ በፊት ዓለም የሚያውቀው ቀርፋፋውን ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ላይ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ ከጎኗ ያለችው አልቶና ግን ብዙም ሳትነካ ቀረች። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልብ ወንዝ ነው። እንዲያውም አልቶና ከታች ስለሆነች የሐምቡርግን እጣቢ ጭምር ነበር የምትቀዳው። ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ታሳልፍ ነበር፤ ሐምቡርግ አታሳልፍም ነበር።

የአልቶናው ዓይነት ማጣሪያ ሰፊ ገንዳና ሳያቋርጥ የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማንዝ ያንን ገንዳ ቤት ውስጥ ወደሚቆም ሳጥን አወረደው፤ ውሃ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ቢፈስበትም ሥራውን እንዳያቋርጥ አድርጎ። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ከካናዳው ሳማሪታንስ ፐርስ ድርጅት ጋር።

አሁን ወደ ቱቦዋ ልመለስ። ቱቦዋ የምትነሣው ከሳጥኑ ወለል ነው። በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ትወጣና ከአሸዋው ራስ ትንሽ ከፍ ብላ ወደ ውጭ ትታጠፋለች። ከላይ ውሃ ሲጨመር ክብደቱ በአሸዋው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ታች ገፍቶ በቱቦዋ በኩል ያስወጣዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከቱቦዋ አፍ ጋር እኩል ሲሆን ፍሰቱ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ያን ጊዜ ከአሸዋው በላይ የሚቀረው ውሃ 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከ4 ካነሰ ወይም ከ6 ከበለጠ ሥራው ተበላሽቷል።

ለምን 5? በአሸዋው ራስ ላይ፣ በላይኛው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሰፍረው ይኖራሉ። ከውሃው ጋር የሚመጡትን የበሽታ ተሕዋስያን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ሕይወት ስላላቸው አየር ይፈልጋሉ፤ አየሩም ማጣሪያው በሚያርፍበት ሰዓት በላያቸው የቆመውን ውሃ ሰርጎ ነው የሚደርሳቸው። ውሃው ከጠለቀ ይታፈናሉ። ከሳሳ ደግሞ ወይ ተንኖ ያልቅና ይደርቃሉ፣ ወይም የሚቀጥለው ባልዲ ሲገለበጥ ይታጠባሉ። ሥራው ሲሠራ ያየሁባት ጫጫ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሲሦ ያህል ይሳሳል። የደጋው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኦክስጅን ይዞ በማቆየት ጥቂት ይክሳል እንጂ፣ የቱቦዋን ከፍታ በግምት ለሚሠራ ሰው እዚህ ምሕረት የለም።

ለዚህ ነው ጫፏ ባዶ የሚሆነው። መዝጊያ ከተገጠመላትና ከተዘጋ ውሃው ከላይ እስከ አፉ ሞልቶ ይቆማል፤ ታች ያሉት ያልቃሉ። ጎማ ከተቀጠለላትና ጎማው ወደ ታች ከተንጠለጠለ ደግሞ ውሃውን ስቦ ስቦ ከአሸዋው በታች ያወርደዋል። ዕድሜውን ጎሚቶና ማኒኮቶ ሲገጥም የኖረ የቧንቧ ባለሙያ ግን ባዶ የቱቦ ጫፍ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል። «ውሃ እንዳይባክን» ብሎ አንዲት መዝጊያ ያስራል። ከዚህ የበለጠ በቅንነት የሚሠራ ጥፋት አላውቅም።

ሳጥኑ በብረት ቅርጽ ማውጫ ነው የሚቀረጸው፤ ያውም ተገልብጦ። አፉ ወደ ታች፣ ወለሉ ወደ ላይ ሆኖ ይሞላል። ብረቱ ኮንክሪቱን እንዳይዘው የሚቀባው የምግብ ዘይት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው የሚል ግንበኛ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው የሚነካው። ቅልቅሉ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ጠጠር ሲሆን ጠጠሩ ግማሹ ደቃቅ ግማሹ ወፈር ያለ ነው። ውሃው ማነስ አለበት። ሲሞላ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን እየተመታ አየሩ ይወጣል፤ ያላወጣ ሰው በማግስቱ ሲፈታው ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳውን ያያል። ውስጧ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነችው ቱቦ በዚያ ሁሉ ምት መሐል ሳትታጠፍና ሳትጨፈለቅ መቆየት አለባት። ከተጨፈለቀች ሳጥኑ እንዳለ ቆሻሻ ነው፤ ሰብሮ ማውጣት የለም። ከተሳካ ግን ቱቦዋ ግድግዳው ውስጥ ተቀብራ ትኖራለች፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ አያገኛት፣ ልጅ አይነቅላት።

ከዚህ ሁሉ ዕፁብ የምለው የአሸዋውን አጠባ ነው። አሸዋው የተፈጨ ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል፤ የወንዝ አሸዋ ከብት የዋለበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በወንፊት በወንፊት ይለያል። ከ12 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ታች የቱቦዋን አፍ ሊሸፍን፣ ከዚያ ያነሰው በላዩ አሸዋውን ሊይዝ፣ ከ0.7 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው ደግሞ ዋናው ማጣሪያ ሊሆን። ይህ የመጨረሻው ይታጠባል፤ ግን እስኪጠራ አይታጠብም። ጫጫ ላይ አንድ ግንበኛ ከረዳቱ ጋር ሲያጥብ ቆሜ አይቻለሁ። ልጁ ባልዲውን እያማሰለ ድፍርሱን ይደፋል፣ ይደግማል። ሰውዬው ጭብጥ አሸዋ አንሥቶ በማርማላታ ብርጭቆ አደረገ፣ ውሃ ጨመረበት፣ አዙሮ አዙሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሦስት አራት ሰከንድ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የአሸዋው ራስ በውሃው ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ታየ።

«በቃ፣ ተው።»

«ጋሼ፣ ገና ድፍርስ ነው እኮ።»

«ካጠራኸው ውሃው ሮጦ ያልፋል። መሮጥ የለበትም።»

ልክ ነው። አቧራው ጨርሶ ከወጣ በአሸዋው ቅንጣት መሐል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ካልወጣ ደግሞ ይደፈናል። የመሐሉን የሚያውቀው ዓይን ነው። ፈተናው በኋላ ይመጣል፤ ሳጥኑ እስከ አፉ ተሞልቶ በቱቦዋ የሚወጣው ውሃ በደቂቃ ከ0.4 ሊትር መብለጥ የለበትም። አንድ ሊትር ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ቸኩሎ የሚሞላ ማጣሪያ ያላጣራ ማጣሪያ ነው።

አሸዋው ደረቅ ሳጥን ውስጥ አይገለበጥም። አስቀድሞ ውሃ ይገባል፣ አሸዋው ውሃው ውስጥ ይወርዳል፤ አለዚያ በመሐሉ አየር ይታቆርና ፍሰቱን ይይዛል። ቱቦዋ ከኮንክሪቱ ጋር የደረቀች ስለሆነች ከፍ ዝቅ የሚለው አሸዋው ብቻ ነው። ባለሙያው ውሃው እስኪቆም ጠብቆ፣ ማስመሪያ አስገብቶ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ካገኘ አሸዋ ይጨምራል፤ 3 ካገኘ ይቀንሳል። በላዩ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ የተበሳሳ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ሥራው የሚገለበጠውን ውሃ መበተን ነው፤ ከታች የቆመውን ውሃ መንካት የለበትም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ፍጥረታቱ እስኪሰፍሩ እስከ 30 ቀን ይወስዳል፤ እንደ ጫጫ ባለ ብርድ አገር ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ማጣሪያው በረንዳ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ቢቆም ይሻላል። በአንድ ጊዜ 12 ሊትር ያህል ይጨመርበታል፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ ከ48 ሰዓት በላይ ግን ሳይሞላ አይቆይም። ውሃው ከአንድ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ዛሬ ከኩሬ ነገ ከወንዝ የሚቀዳለት ማጣሪያ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። በጣም የደፈረሰ ውሃም ቀጥታ አይገባም። ሃይላንድ ሞልቶ የጋዜጣ ርዕስ ላይ ማቆም፣ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ፊደሉ ካልተነበበ በባልዲ አሳድሮ ማጥለል ነው።

ጥገናው ለቤት እመቤት ለማስረዳት ቀላል ነው፤ እርሾ ያለበትን ቡሃቃ አጥቦ እንደ አዲስ ማድረቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለችና። ፍሰቱ ሲዘገይ አሸዋው አይወጣም፣ በሳሙና አይታጠብም፣ በረኪና አይነካውም። ቆርቆሮው ይነሣል፣ ጥቂት ውሃ ይጨመራል፣ በመዳፍ የአሸዋው ራስ ብቻ ቀስ ብሎ ይታሻል፣ የተነሣው ድፍርስ በጣሳ ተቀድቶ ይደፋል። ፍሰቱ እስኪመለስ ይህ ይደገማል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ማጣሪያው ደከም ይላል፤ የተነካው ሽፋን እስኪያገግም።

የማይችለውንም እናገር። ባክቴሪያን በቤተ ሙከራ ከመቶ እስከ 96.5 ያስቀራል፤ ቫይረስ ላይ ግን ከዚህ ያንሳል። በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨውና የስምጥ ሸለቆውን ፍሎራይድ አያወጣም። ስለዚህ የተጣራው ውሃ ላይ እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ቢጨመር መልካም ነው፤ የሚጨመረው ግን ከቱቦዋ የወጣው ውሃ ላይ ነው። በላይ በኩል የተጨመረ ክሎሪን የወር ልፋትን በአንድ ጣሳ ይገድላል። የተጣራውም ጥሬው በመጣበት ጀሪካን አይቀዳም፤ የራሱ፣ አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ዕቃ ይኑረው።

እንግዲህ ይህ ማጣሪያ ያለበት ቤት ከገቡ ከሳጥኑ በፊት ቱቦዋን ይዩ። ጫፏ ላይ መዝጊያ ታስሮ ወይም ጎማ ተቀጥሎ ካገኙ ለባለቤቱ ይንገሩትና ይፍታው። ፍሰቱ ሲቆም ክዳኑንና ቆርቆሮውን ያንሡና ከአሸዋው በላይ ያለውን ውሃ ይለኩ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሠራው ሰው ሙያውን ያውቃል።