ለደጄ ያፈሰስኩት ሲሚንቶ

ማታ ማታ ቤቴ መግባቴን ጎረቤቶቼ የሚያውቁት በመኪናዬ ጡሩምባ አልነበረም። በሆዷ ነበር። «ጭርርርር...» የሚል ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ሲሰሙ የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ገቡ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ መሪዬን ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የተጫረው ማርሚታው ይሆን ወይስ የዘይት ቋቱ እያልኩ እጸልያለሁ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከመሬት እስከ ሆዷ 15 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ የእኔ ስንዝር ይበልጠዋል። የግቢዬ በር ግን ከመንገዱ በ60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ቤቱ ሲሠራ ግንበኛው «ጎርፍ እንዳይገባብዎት ከፍ እናድርገው» አለኝ። እኔም «ከፍ ይበል» አልኩ። ከፍ ማለትን ማን ይጠላል? ከበሩ እስከ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ድረስ የነበረው ቦታ 2 ሜትር ብቻ ስለሆነ ያንን ሁሉ ከፍታ በ2 ሜትር ኮንክሪት ወጣነው። በቦይው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋደመ፤ በቃ፣ መግቢያ ተባለ።

ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ብሎ የሚጠራኝ ዘበኛ መኪና ሲያስገባ አክብሮቱን ይረሳዋል። «ቁረጥ! ቁረጥ! መልስ! ና፣ ና፣ ና... ቁም!» ይለኛል። ሲያልቅ ግን ኮፍያውን አንስቶ «እንኳን ደህና ገቡ» ይላል። በእርግጥም በየቀኑ «እንኳን ደህና ገቡ» የሚያሰኝ ጉዞ ነበር።

አንድ ቀን የሰፈራችን መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥር ካየ በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። መኪና ዳገት ላይ የሚጫረው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከታች፣ ጎማው ዳገቱን ከመንካቱ በፊት ፓራውልቱ ሲቀድም ነው። ሁለተኛው ከላይ፣ የፊት ጎማዎች አናቱን ካለፉ በኋላ የኋላዎቹ ገና ከታች ሳሉ ሆዷ ጠርዙ ላይ ሲንጠለጠል ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር አለ፤ በዚህ መሐል አንድ ሹል ጠርዝ ከገባ አለቀ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ፊት ለፊት አይግቡ፤ በሰያፍ ይግቡ። አንዱ ጎማ ቀድሞ ይውጣ፣ ሌላው ይከተለው። አፍንጫዋ ዳገቱን ሊነካ ሲል ፍሬን አይያዙ፤ ፍሬን ሲይዙ ፊቷ ይደፋል። አስቀድመው ቀስ ይበሉና ይልቀቁት። ሰው ከጫኑ ደግሞ ያውርዱ፤ ሞላው ቀና ይላል።»

እውነቱን ነው። በሰያፍ ስገባ ድምፁ ቀነሰ። ባለቤቴና ልጆቼ ቦይው ዳር ወርደው በእግራቸው ይገባሉ፤ እኔ ብቻዬን እንደ ሙሽራ በመኪና እገባለሁ። እንግዳ ይዤ የመጣሁ ቀን ግን «እባካችሁ ውረዱልኝ፣ መኪናዬ አትችላችሁም» ማለት ያሳፍር ነበር። አማቼን አንድ ጊዜ አውርጃቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ስለዚህ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግንበኛ ጠርቼ ዳገቱን ወደ ውጭ አስረዘምኩት። ተጨማሪ 1 ሜትር ተኩል ኮንክሪት ከቦይው በላይ አልፎ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ። በቦይው ውስጥ አንድ ቀጭን ቱቦ ተቀበረ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ማን ያስፈቅዳል? መንገዱ የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም የሆነ ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ የማንም ማለት ነው። ቅዳሜ ተጀመረ፣ እሑድ አለቀ። ሲደርቅ መኪናዬ ያለ ድምፅ ገባች። ልጆቹ መግባቴን ማወቅ አቃታቸው። ኮራሁ።

ሐምሌ ገባ። ቱቦው የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ዋጠና ታነቀ። ከላይ የመጣው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ በኮንክሪቴ ላይ ዘሎ ከእኔ በታች ባሉት እናት ግቢ ገባ። ቤታቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎባቸዋል። ለዚያ ኮብልስቶን እንደ እኔው ገንዘብ አዋጥተዋል። ፍራሻቸውን አውጥተው አጥር ላይ ሲያሰጡ አየኋቸው። እየፈራሁ ሄድኩ።

አልጮኹብኝም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝና «ልጄ፣ መኪናህ ዳነች አይደል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ...» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ።

«ለጎርፉስ ግድ የለም፣ ክረምት ያልፋል» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ያቺን የሠራሃትን ነገር መውጣት ስለማልችል መኪና መንገድ ውስጥ ገብቼ ነው የምዞራት። እሷን ብቻ ብታስብልኝ።»

በማግስቱ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ወጣሁ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ድረስ የየበሩን መወጣጫ እያየሁ ሄድኩ። አንዱ ኮንክሪት፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ የተከመረ ድንጋይ። ሁሉም ጌታውን ያስገባል፤ ሁሉም አላፊውን ያስወጣል። እግረኛ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት አሥር እርምጃ አላገኘሁም። ዓይነ ስውሩ ምን ያደርጋል? ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውስ? ለተሽከርካሪ ወንበር በብዙ አገር የሚመከረው ዝንባሌ 1 ለ12 ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 7 ሜትር ከ20 ይፈልጋል ማለት ነው። እኛ በ2 ሜትር ነው የምንወጣው፤ ያውም በሌላው መንገድ ላይ።

ይህ የመወጣጫ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ሁላችንም ግቢያችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ከፍታው የሚያመጣውን ዳገት ግን ከአጥር ውጭ እናራግፋለን። ጥቅሙ ከውስጥ፣ ዕዳው ከውጭ። የጀነሬተሩን ጭስና የማጀቱን እጣቢም እንዲሁ አይደል የምናደርገው? ከዚያ ማታ ተሰብስበን «ይህ ሕዝብ መቼ ነው የሚሠለጥነው?» እያልን እናዝናለን። ሕዝብ የምንለው ከእኛ አጥር ውጭ ያለውን ነው።

ነገሩ እየባሰ እንዳይሄድም እሰጋለሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተሰማ ወዲህ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። መልካም ነው። ግን የእነዚህ መኪኖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ወለላቸው ሥር ነው። የእኔ ቪትዝ ብትጫር ማርሚታ ይበየዳል፤ የባትሪ ሽፋን ሲጫር ግን ባለቤቱ እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ባለ መኪና ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሲሚንቶ ያፈሳል።

እኔ ያፈሰስኩትን አፈረስኩት። ግንበኛው ያው የፊተኛው ነው፤ ሲያፈርስም ሲሠራም ከፈልኩት። ከቦይው በላይ የወጣውን አስነሳሁ። ቱቦውን አውጥቼ በምትኩ ተነሥቶ የሚጠረግ የብረት ፍርግርግ አደረግሁበት። ከዚያ በሩን ዝቅ አድርጌ፣ ግቢዬን አስቆፍሬ፣ ዳገቱን 3 ሜትር ወደ ውስጥ አስገባሁት። አሁን 60 ሳንቲ ሜትሩን የምወጣው በ5 ሜትር ነው። ከታችም ከላይም ጠርዙ እንዳይሾል ግንበኛው ግማሽ ዝንባሌ እያደረገ አለሳለሰው። ባለቤቴ የጤና አዳምና የጽጌረዳ መደቧን አጣች። ለሦስት ቀን አኩርፋኛለች፤ እውነቷን ነው። ዳገቱ የእኛ ከሆነ ግን የሚቀመጠው እኛው ግቢ ነው።

አሁንም ሰው ጭኜ ከቸኮልኩ አልፎ አልፎ «ጭር» ትላለች። ፍሬኑን ለቅቄ በሰያፍ እገባለሁ። እኚያ እናት ባለፈው እሑድ በበሬ ሲያልፉ አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ፍርግርጉ ላይ አንድ ጊዜ ኳ አድርገው፣ መንገዱ ውስጥ ሳይገቡ ቀጥ ብለው አለፉ። እኔን አላዩኝም። የሚቀጥለው በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ግራና ቀኝ አዩና መኪና መንገዱ ውስጥ ገቡ።