በር ላይ የነበሩት

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የሰኔ ጾም ከተያዘ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ሰርግ የለም፤ ክረምቱም እየገባ ነው። በማግስቱ ወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት በእሑድ ስለዋለ፣ ዘጌ ዘመድ ያለው የባሕር ዳር ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም የጠዋት ጀልባ ያስባል። ምሽቱን ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት በኩል ተኩስ ተሰማ። ኢንተርኔት ጠፋ። በየቤቱ ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የወታደር ልብስ ለብሰው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

ከዚያ የተሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ምግባሩ ከበደ ክፉኛ ቆስለው ሆስፒታል ገቡ፤ ሰኞ ሰኔ 17 አረፉ። በዚያው ቅዳሜ ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን እቤታቸው ውስጥ፣ ሊጠይቋቸው ከመጡት ጡረተኛ ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ጋር ተገደሉ። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። ረቡዕ ሰኔ 19 ባሕር ዳር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሦስቱን መሪዎቿን ሸኘች።

ዶክተር አምባቸው ወንበሩን ከያዙ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ያችም ጊዜ የተፈናቃይ፣ የአጣዬና የአካባቢው ግጭት፣ የመግለጫና የሽምግልና ጊዜ ነበረች። አቶ ምግባሩን ሳስብ ደግሞ ሥራቸው ይመጣብኛል። ዐቃቤ ሕግ ማለት የተበደለው ሰው ጠበቃ ባይኖረው፣ ጉልበት ባይኖረው፣ በሕዝብ ስም ቆሞ የሚከስለት ነው። በዚያ ዓመት ከጎንደር እስከ ሸዋ በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ «ሕግ ይከበር» የሚል ነበር፤ የጥያቄው መልስ ከሚጠበቅባቸው ሰዎች ዋናው በጥይት ተመቱ። ስማቸው ተጠርቷል፣ ተለቅሷል፣ ፎቷቸው በየአደባባዩ ተሰቅሏል። የሚገባቸውም ነው።

እኔ ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ግን ሌሎቹን ነው። በዚያ ምሽት ጥቃቱ በርዕሰ መስተዳድሩ ጽሕፈት ቤት ላይ ብቻ አልቆመም፤ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽንና የገዥው ፓርቲ ጽሕፈት ቤትም ተመትተዋል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ በር አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ ተረኛ አለ። ከተረኞቹ፣ ከአጃቢዎቹና ከፖሊስ አባላቱ መካከል ያን ሌሊት ያልተረፉ አሉ። በዜናው ውስጥ «የጸጥታ አባላትም ሕይወታቸው አልፏል» ተብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ታለፉ። ስማቸውን የሚያውቅ ከቤተሰባቸውና ከባልደረቦቻቸው ውጭ ስንት ሰው ይሆን?

የጥበቃ ሥራን ባሕር ዳር ላይ ጉዳይ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከበሩ አጠገብ የቆርቆሮ ወይም የብሎኬት ክፍል፣ ውስጡ አንድ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ የውኃ ጀሪካን። የግንቦት ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያግለው ተረኛው ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል። «ማን ጋ ነው? መታወቂያ። ቦርሳውን ክፈቺው እህቴ። ስልክ እዚህ ይቀመጣል።» ቀኑን ሙሉ ይችን ሲል ይውላል። ባለጉዳዩ ያመናጭቀዋል፤ ኃላፊው በመኪና ሲገባ ሰላምታ ይሰጣል፤ መስታወቱ ሳይወርድ ያልፈዋል። ማታ ፈረቃ ሲቀየር ለጓደኛው መዝገቡን ያስረክባል፣ ይፈርማል፣ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጓደኛው ያድራል። የሚሞተው ማን እንደሚሆን አንዳንዴ የሚወስነው ያ ፊርማ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ለልጁ ልደት ብሎ ፈረቃ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል።

የዚያን ምሽት መከራ የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ፖሊስ ሲመለመል የሚዘጋጀው ለሌባ፣ ለሽፍታ፣ ለወንጀለኛ ነው። መንግሥት ድርጊቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲል፣ መርቶታል ያለው የክልሉን የሰላምና ደህንነት ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌን ነው። እሳቸውም ሰኔ 17 ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አካባቢ ተገድለዋል፤ ላሊበላ ተቀብረዋል፤ ስለ እሳቸው በክልሉ ያለው አስተያየት ዛሬም አልታረቀም። ያን ክርክር እዚህ አልፈታውም። በር ላይ ለነበረው ኮንስታብል ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጠብመንጃው የመጣው ከጸጥታው መዋቅር ከራሱ ውስጥ ነው። ትናንት ሰላምታ የሰጠው፣ አብሮት ሻይ የጠጣ፣ ምናልባትም የሀገሩ ልጅ የሆነ ሰው መሣሪያ ወድሮ ሲመጣ «ማን ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ በየትኛውም ማሠልጠኛ አያስተምሩም። ደብረ ማርቆስ ያለው ፖሊስ ኮሌጅም ቢሆን ለዚህ ትምህርት የለውም።

ይህን ስጽፍ የሚመጣብኝን ቅሬታ አውቀዋለሁ። በባሕር ዳር ስለ ደንብ ልብስ በሐዘን ማውራት ቀላል አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ የጸጥታ ኃይሎች በሰልፈኛው ላይ ተኩሰው ብዙ ወጣት አለቀ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ቀን በከተማዋ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ዘግቧል። ልጇን ያን ቀን የቀበረች እናት የፖሊስ መታሰቢያ ሲባል ብትሰማ ፊቷን ብታዞር ማን ይፈርድባታል? የተኮሰው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የሞተው ሊታወስ ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ግን እንችላለን፤ ሰኔ 15 በር ላይ የወደቀው ሰው ነሐሴ 1 የተኮሰው ሰው ስለሆነ አይደለም የሞተው። በዚያ ሰዓት ተራው ስለነበረ ነው።

ጎጃም ለቅሶ ያውቃል። በገጠሩ የሟች ልብስ ለለቅሶ ይወጣል፤ ጠመንጃው፣ ፈረሱ፣ ጋሻው ካለም ጋሻው። አልቃሿ ልብሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ስሙን፣ አባቱን፣ ሥራውን እየጠራች ታስለቅሳለች። የፖሊስ ለቅሶ በሆነ ጊዜ የሚወጣው የደንብ ልብሱና ባርኔጣው ነው። እናት ከትከሻው ላይ ያለውን የማዕረግ ምልክት በአውራ ጣቷ ስትዳብስ፣ ዕድገቱ የመጣለት ባለፈው ዓመት ነው ስትል፣ «ሳጅን ሆኖልኝ ነበር እኮ» ስትል የሰማ ሰው ማዕረግ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከኮንስታብል ወደ ሳጅን የሚወስደው መንገድ ዓመታት ነው። ለደመወዙ የሚጨመረው ገንዘብ ኢምንት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን «የሳጅኑ ቤት» ይባላል።

ድንኳኑ ይፈርሳል። እድሩ ሳህንና አግዳሚውን ይሰበስባል። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ይወጣል፤ ተዝካሩን አቅም ያለው ይደግሳል፣ የሌለው ለነዳይ ዳቦና ንፍሮ ያካፍላል። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ነው። በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ለሚስት ሟች ያገኝ ከነበረው አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰብ ነበር። ይህን ለማግኘት የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ማስረጃ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ የወራሽነት ጉዳይ ካለም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ትናንት ባልዋ ሌላውን ሰው «መታወቂያ» ይል ነበር፤ ዛሬ እሷ በሌላ በር ላይ ፋይል ይዛ ተሰልፋ ቦርሳዋን ታስፈትሻለች።

በዋሽንግተን ከተማ በሥራ ላይ የሞቱ የፖሊስ አባላት መታሰቢያ አለ፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በሁለት ወገን የተዘረጋ የእብነ በረድ ግንብ ነው፤ ላዩ ላይ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ስም ተቀርጿል። ኮሚሽነርም ይሁን ተራ አባል ፊደሉ እኩል ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አዲስ የተጨመሩት ስሞች በሻማ ብርሃን ይነበባሉ። አሜሪካ በፖሊሷ ስንት ክርክር እንዳላት የታወቀ ነው፤ ክርክሩ ንባቡን አላስቀረውም። በእኛ አገር ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል በአዋጅ ቁጥር 6/1934 ከቆመ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ባሕር ዳር ላይ በዓባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ከደርግ ጋር በተደረገው ትግል ለወደቁት ነው። ለሰኔ 15 ተረኞች ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ እኔ በከተማዋ አላየሁም።

ጊዜውም አላገዘም። የወደቁትን ያስታውሳል የሚባለው ጓድ ራሱ ነበር፤ በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን አባሉ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ ተበተነ፤ ወደ ቤቱ የሄደም፣ ወደ ጫካ የገባም አለ። አብሮ ያደረ ሰው ሲበተን «እገሌ እኮ በዚያ ሌሊት...» ብሎ የሚያነሣው ሰውም ይበተናል። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ በክልሉ የተነሣው ጦርነት በየወረዳው የፖሊስ ጣቢያውን ግንባር አደረገው። የወረዳ ፖሊስ፣ ሚሊሻ፣ ታጣቂ፣ ገበሬ፣ መንገደኛ ሞተ፤ ተኳሹና ተተኳሹ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ልጆች ናቸው። በእንዲህ ያለ ዘመን ለአንዱ ማልቀስ ሌላውን መርገም ይመስላል። ሰው ሐዘኑን በሆዱ ይይዛል፤ የፖሊስ ሚስት ገበያ ላይ ባሏ ምን ይሠራ እንደነበር ስትጠየቅ ዝም የምትልበት ቀበሌ አለ።

ስለዚህ ትልቅ ሐውልት አልጠይቅም፤ ለሐውልት ጨረታ ይወጣል፣ ጨረታው ይጓተታል፣ ሲመረቅም ከሟቾቹ ይልቅ መጋረጃውን የገለጠው ባለሥልጣን ይታያል። የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየፖሊስ ጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብ አለ፤ ተረኛው ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ምን መሣሪያ እንደተረከበ ይጻፍበታል። ሰኔ 15 በመጣ ቁጥር፣ ጠዋት ሰልፉ ላይ፣ የዚያች ቀን ተረኞች ስም ከነአባታቸውና ከነማዕረጋቸው ይነበብ። ቤተሰብ ይጠራ፤ ወንበር ይሰጠው፤ የዚያን ቀን ቦርሳው አይፈተሽ። የመሪዎቹ ስም ከመነበቡ በፊት ወይም በኋላ ቢሆን ግድ የለም።

ስማቸው ጠፍቶ ነው የሚል ካለ የደመወዝ ክፍሉን ይጠይቅ። የሰኔን ደመወዝ ለማን እንዳልከፈለ ያውቃል።