«ኦርጅናል ቻይና»፦ የጥንታዊ ስኒ እውነተኛነትና የመርካቶ ሚዛን

በመርካቶ የንግድ ቋንቋ «ቻይና» የሚለው ቃል የአገር ስም መሆኑ ቀርቶ የጥራት ደረጃ መጠሪያ ከሆነ ቆይቷል። ስልክ፣ ጫማ ወይም የመኪና መለዋወጫ «ቻይና ነው» ከተባለ ዋጋው የወረደ፣ ዕድሜው ያጠረና የሌላ ዕቃ ቅጂ የሆነ ማለት ሲሆን፣ ተቃራኒው «ኦርጅናል» ይባላል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ «ሃይ ኮፒ» የሚባል ራሱን የቻለ መደብ አለ፤ በዚህ መደብ ገዢው ቅጂ መሆኑን እያወቀ በቅጂው ጥራት ላይ ይከራከራል። አጠራሩ ወደ ቡና ዕቃ ሲሻገር ግን እንግዳ ነገር ይፈጠራል። በየቤቱ ረከቦት ላይ የሚደረደረው ስኒ ስሙን ያገኘው «ሲኒ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን ፍቺውም «የቻይና» ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት ሸማች «ይህ ስኒ ቻይና ነው ወይስ ኦርጅናል?» ብላ ስትጠይቅ፣ የቃሉን ሥር ለሚያውቅ ሰው «ይህ የቻይና ዕቃ የቻይና ነው ወይስ እውነተኛ?» እንደማለት ይሆናል።

ጥንታዊ የቻይና ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች በየጨረታ ቤቱ የሚያነሡት ክርክር ከዚህ ጥያቄ ብዙ የራቀ አይደለም። እውነተኛነት የሚባለው ነገር ቢፈተሽ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቃል ያጨቀ ሆኖ ይገኛል፤ ዕቃው መቼ ተሠራ፣ የት ተሠራ፣ ከዚያ ወዲህስ በማን በማን እጅ አለፈ የሚሉትን። ሦስተኛው በዚህ ጽሑፍ «የእጅ ታሪክ» ተብሏል፤ አንድ ዕቃ ከሠሪው ወጥቶ እስከ ዛሬው ባለቤት ድረስ የተሻገራቸውን ቤቶች፣ ሽያጮችና ውርሶች የሚያሳይ ተከታታይ ማስረጃ ማለት ነው። የሰብሳቢዎች ሙግት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በተለይም የአሮጌ ዕቃ ንግድ እምብርት በሆነው በመርካቶ፣ ነገሩን የሚወስነው ግን ሦስተኛው ነው፤ ገበያውም በባሕርዩ አስቀድሞ የሚያጠፋው እሱኑ ነው።

ፖርሴሊን የሚባለው የቻይና ሸክላ ከአገር ቤቱ ጀበናና ድስት የሚለየው በአፈሩና በእሳቱ ነው። ካኦሊን ከሚባለው ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ተቦክቶ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲተኮስ አካሉ እንደ ብርጭቆ ይጠጥራል፤ ውኃ አያሳልፍም፣ ሲነካ ይጮኻል፣ ስስ ከሆነም ብርሃን ያስተላልፋል። ይህ ዕቃ ወደ አፍሪካ ቀንድ ምድር የገባው በቅርብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኤ. ቲ. ከርል የተባለው ብሪታንያዊ ሹም በሶማሌ ምድርና በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ባሉት የፈረሱ ከተሞች የቻይና ሸክላ ስባሪዎችን ሰብስቦ በ1937 በጽሑፍ አሳውቋል። ከ2015 ጀምሮም በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ባካሄደው ቁፋሮ ከ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ጋር ከየመን፣ ከማልዲቭና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ቅሪት ተገኝቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች በቀላሉ የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ። ከከርልና ከሐርላ የተገኘው ማስረጃ ስባሪ ነው፤ ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ነጠብጣብ ያረፈበት ገል ወይም የአረንጓዴ ሳህን ከንፈር። ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ አይደለም፤ ሆኖም ከየትኛው ፍርስራሽ ወይም አፈር ንብርብር እንደተነሣ ስለተመዘገበ ዕድሜው አያከራክርም። በአንጻሩ ያልተሰበረና ያልተሸረፈ ሳህን በመርካቶም ሆነ በፒያሳ ሱቅ ቢገኝ ከመልኩ በቀር የሚናገርለት የለም። ሙሉው ዕቃ ከስባሪው ይልቅ ለጥርጣሬ የተጋለጠ መሆኑ ለገዢ ባይዋጥም ለተመራማሪ ሀሁ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው የሐረር ቤት ነው። ጊዲር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ግድግዳ ላይ ሳህኖች፣ ጎድጓዳ የቆርቆሮ ገበታዎችና የስንደዶ ሥራዎች በየተራቸው ተሰድረው ይሰቀላሉ፤ ብዙዎቹ በ20ኛው መቶ ዘመን ከፋብሪካ የወጡ ቢሆኑም ከእናት ወደ ልጅ ሲወርዱ የትኛው ለየትኛዋ ሙሽራ እንደመጣ በቃል ይታወቃል። የእጅ ታሪክ ማለት ይኸው ነው፤ ሳህኑ ከምስማሩ ወርዶ በከረጢት ሲጓዝ ታሪኩ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ሰብሳቢዎች አንድን የቻይና ሸክላ ሲያነሡ መጀመሪያ የሚያዩት ሥዕሉን ሳይሆን መቀመጫውን ነው። ዕቃው ተገልብጦ ከሥሩ ዙሪያውን የተሠራው ቀለበት ይፈተሻል፤ ይህ ክፍል ብርጭቆ መሰል ሽፋን ስለማይቀባ አፈሩ ራቁቱን የሚታይበት ብቸኛ ቦታ ነው። የአፈሩ ልስላሴ፣ ሽፋኑና አፈሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚታየው ቀጭን የዝገት ቀለም መስመር፣ በምድጃው ውስጥ የተጣበቀ የአሸዋ ቅንጣት፣ በዘመናት አጠቃቀም የተፈጠረ መፋቅ፣ ሁሉም ይነበባል። ፍቀቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ፣ በየአቅጣጫው ከተበተነ ደግሞ በገበታ ላይ የኖረ ነው ይባላል፤ ይህን የሚያውቅ አስመሳይም በየአቅጣጫው ይፈገፍጋል። በቀለበቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስድስት የቻይና ፊደላት በሁለት ዓምድ ተጽፈው ይገኛሉ፤ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመነ መንግሥት የተሠራ» የሚለው በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ቼንግኋ የነገሠው ከ1465 እስከ 1487 ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ ያለባቸው አያሌ ዕቃዎች ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በካንግሺ ዘመን (1662–1722) የተሠሩ ናቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ የቀደመውን ዘመን ሙያ ለማክበር ስሙን ጻፉ እንጂ ገዢን ለማታለል አልነበረም የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል። የካንግሺው ዕቃ ራሱ ዛሬ ውድ ጥንታዊ ዕቃ ነው። መለያው ሐሰት፣ ዕቃው እውነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ለሚያውቅ ገበያ ከዕቃው የቀደመ ቀን የቆየ ልማድ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች ወዲህ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ የተመቱት ብሮች ሁሉ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዙ ወጥተዋል። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል ዓመቱን ከቁም ነገር አልቆጠረም፤ በመልኳ ላይ ያለውን የዶቃ ፍሬ ቆጠረ፣ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰማ፣ የጎደለ ዝርዝር ካየ መለሰ። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር በየገበያው ከማርያ ቴሬዛ ጋር እኩል ለመቆም መቸገሩም የዚሁ ጠባይ ውጤት ነው። ትክክለኛ ቀን የያዘው አዲስ ብር ተጠረጠረ፣ የሐሰት ቀን የያዘው የለመደ መልክ ታመነ። ሰብሳቢዎች «ቅጂ» የሚሉትን ሁሉ «ማታለል» ብለው ሲጠሩ ይህንን ልዩነት ይዘነጋሉ።

የባለሙያ ዓይን ሁልጊዜ የመጨረሻ ዳኛ አለመሆኑን ያሳየው በጥቅምት 2022 በፈረንሳይ ፎንቴንብሎ የተካሄደው ጨረታ ነው። የጨረታ ቤቱ ባለሙያ በ20ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ጌጥ ነው ብሎ ከ2,000 ዩሮ ያልበለጠ ግምት የሰጠው ሰማያዊና ነጭ ማሰሮ፣ የ18ኛው መቶ ዘመን የንጉሠ ነገሥት ዕቃ ነው ብለው ባመኑ ተጫራቾች ፉክክር በ7.7 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፤ ከክፍያዎቹ ጋር ከ9 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ባለሙያው ከጨረታ ቤቱ ጋር የነበረው ሥራ ተቋረጠ። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የሚገርመው ዋጋው አይደለም፤ ዋጋው ራሱ እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ነው። ብዙ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ዕቃ እውነተኛ መሆን አለበት የሚለው አስተሳሰብ፣ ወረፋ ያለበት ሱቅ ጥሩ ዕቃ አለው ከሚለው የመርካቶ ሸማች ግምት የተሻለ አመክንዮ የለውም።

ላቦራቶሪም ቢሆን ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የሙቀት ብርሃን ምርመራ የሚባለው ዘዴ ከዕቃው መቀመጫ ላይ በመሰርሰሪያ ጥቂት ዱቄት ወስዶ፣ ሲሞቅ በሚፈነጥቀው ብርሃን መጠን ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ ከተተኮሰ ስንት ዘመን እንደሆነ ይገምታል። ነገር ግን አስመሳዮች የእውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ መቀመጫ ስባሪ በአዲስ አካል ሥር ይገጥማሉ፤ መሰርሰሪያው የሚገባውም እዚያው ነው።

የእጅ ታሪክ ከዓይንም ከመሣሪያም የላቀ ጉልበት ያሳየበት ጉዳይ በ1351 ቀን የተጻፈባቸው፣ ዛሬ «የዴቪድ ማሰሮዎች» ተብለው በብሪቲሽ ሙዚየም የሚታዩት ሁለት ረጃጅም ዕቃዎች ታሪክ ነው። ተመራማሪው ሮበርት ሆብሰን በ1929 ስለ እነሱ ሲጽፍ ሰማያዊና ነጭ ሸክላ በዚያ ዘመን በዚህ ደረጃ ይሠራ ነበር የሚለው ሐሳብ ገና አልጸናም ነበር። በ1950ዎቹ ግን ሌላው ተመራማሪ ጆን አሌክሳንደር ፖፕ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትና በኢራን አርደቢል የነበሩትን ክምችቶች ከነሱ ጋር አመሳክሮ የ14ኛውን መቶ ዘመን ሥራ ለየ። የአርደቢሉ ክምችት ሻህ አባስ በ1611 በዚያ ላለው መቃብረ ቅዱሳን በስጦታ የሰጠው ከ1,100 በላይ ዕቃ የያዘ ነበር። አንድ ዕቃ በአንድ ቦታ ለዘመናት ተመዝግቦ መቀመጡ ዓይንን አቀና እንጂ ዓይን መዝገቡን አላቀናም።

በመርካቶ ያለው ሂደት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አሮጌ ዕቃ ከቤት ወደ ገበያ የሚወጣው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ በየሰፈሩ እየተጣራ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ያገለገለ ዕቃ በሚገዛው ቆራሌውና አዲስ ሳህን፣ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይዞ በአሮጌ ልብስ በሚለውጠው ልዋጭ። ቆራሌው ከአንዲት አሮጊት ቤት የወጣውን ስኒ ከዝገት ቁልፍና ከባትሪ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ከቶ ወደ ምናለሽ ተራ ያመጣዋል፤ በዚያም ነጋዴዎች በጅምላ ይረከቡታል፣ ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይደረደራል። ከዚያ ወደ ቸርችል ጎዳናና ወደ ፒያሳ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች የሚሻገር ካለ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ላይ ነው። የሰንሰለቱ ትርፍ የሚገኘው በትክክል ከዚህ መረሳት ነው፤ ስኒው ከማን ቤት እንደወጣ ቢታወቅ ልጅ ወይም ወራሽ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ይወደዳል። ዕቃውን ርካሽ የሚያደርገው ዝምታ ማስረጃውንም ይገድላል። ስለዚህ «ከአንድ የደጃዝማች ቤት የወጣ ነው» የሚለው የሱቅ ትረካ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ሊጣራ የማይችል እውነት ነው።

ሕጉም ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ጥንታዊ ብሎ በዘመን ወሰን ይለይ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ከዓመት ይልቅ በሳይንሳዊ፣ ታሪካዊና ባህላዊ ፋይዳው ይመዝናል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። በዚህም የተነሣ ነጋዴው ሁለት ምላስ ሊኖረው ይገደዳል። በሱቁ ውስጥ መስቀሉ የአፄ እገሌ ዘመን ነው፣ ብራናው ከገዳም የወጣ ነው፣ ሥዕሉ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው፤ ዕቃው ለመውጫ ፈቃድ ሲቀርብ ግን ትናንት የተሠራ ማስታወሻ መሆን ይኖርበታል። አንዱ አባባል ለዋጋ፣ ሌላው ለፍተሻ የተዘጋጀ ስለሆነ የትኛውም እንደ ማስረጃ አይጠቅምም። በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀውና በኋላ ከአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ የተመለሰው የአፍሮ አይገባ መስቀል ማንነቱ የታወቀው ቤተ ክርስቲያኗና ምእመናኗ ስለሚያውቁት እንጂ የገበያ ወረቀት ስላለው አልነበረም። ስለ ስኒው ግን እንዲህ የሚመሰክር ማኅበር የለም፤ ቅርስ ሆኖ ለመመዝገብ የረከሰ፣ ቸል ተብሎ ለመጣል ደግሞ የከበረ ዕቃ ነው።

ለቤቷ የምትገዛ ሴት በዚህ ሙግት አትገባም። ስድስቱን ስኒ በየተራ አንሥታ በጥፍሯ ከንፈሩን ትመታለች፤ ጠርቶ ከጮኸ ትይዛለች፣ ድምፁ ከታፈነ የተሰነጠቀ ነውና ትመልሰዋለች፤ ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ሰብሳቢው ግን ያንኑ ስንጥቅ በአጉሊ መነጽር አይቶ ለዕድሜው ምስክር ያደርገዋል። በ2014 ሊዩ ዪቺያን የተባለው የሻንጋይ ባለሀብት በቼንግኋ ዘመን የተሠራችውን፣ ዶሮዎች የተሣሉባትን ትንሽ ስኒ በሆንግ ኮንግ በ281 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገዝቶ ሻይ ሲጠጣባት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ብዙዎች ቅርስ አዋረደ ብለው ነቀፉት። ስኒዋ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ስትሠራ ለመጠጫ ነበር።